የእስክስታው ትከሻ እንዳይሰነጠቅ፦ የቆየ የሠርግ ካሴት ወደ ፋይል ሲቀየር

ደብረ ማርቆስ ያለችው የቪዲዮ ሱቄ ጥር ሲገባ በካሴት ትሞላለች። ልጁን የሚድር ሰው የራሱን ሠርግ ዳግም ማየት ያምረዋልና ከብቸና፣ ከሞጣ፣ ከደንበጫ፣ ከፍኖተ ሰላም በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ ያመጣል። አብዛኛው በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተቀረጸ ሚኒ ዲቪ (ትንሿ ዲጂታል ካሴት) ነው። አልፎ አልፎ ቪኤችኤስ ይመጣል፤ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ካለው ደግሞ ኤችዲቪና የኤምቲኤስ ፋይል። በሱቄ ከሚያልፉት ከእነዚህ ቅጂዎች አብዛኞቹ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ኢንተርሌስ ናቸው፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ከሁለት ግማሾች የተሰካካ ነው። ይህን ጠባይ ሳያውቅ የሚቀይራቸው ሰው ምስሉን ያበላሻል፤ አንዳንዴም ማንም ሊመልሰው በማይችል መንገድ ያበላሸዋል።

አስቀድማችሁ ችግሩን በዓይናችሁ እዩት። ፋይሉን ቪኤልሲ በተባለው ማጫወቻ ክፈቱና «ቪዲዮ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ዲኢንተርሌስ (የተሰካኩትን ግማሾች መለየት ማለት ነው) የሚለውን አጥፉት። ይህን ሳታደርጉ አትፍረዱ፤ ቪኤልሲ ራሱ አስተካክሎ እያሳየ ሊሸፍንባችሁ ይችላል። ከዚያ ሚዜዎቹ እስክስታ የሚወርዱበትን ቦታ ፈልጉ፣ አቁሙት፣ የእንግሊዝኛውን «ኢ» ፊደል እየተጫናችሁ አንድ አንድ ፍሬም (አንድ ሙሉ ምስል) ወደፊት ሂዱ። ቆሞ የሚያጨበጭበው ሰው ፊት ንጹሕ ነው። እጆቹ ግን ተሰነጣጥቀዋል። የጨፋሪዋ ትከሻ ጠርዝ እንደ ሚዶ ጥርስ አንድ መስመር ወጣ፣ አንድ መስመር ገባ ብሏል፤ የቀሚሷ ጥለትም ከሰውነቷ ተላቆ ወደ ጎን የተጎተተ ይመስላል። ድንኳኑን የያዘው ምሰሶ ምንም አልሆነም። የሚሰነጠቀው የሚንቀሳቀሰው ብቻ ነው። ይህን ካያችሁ በእጃችሁ ያለው ኢንተርሌስ ነው።

ምክንያቱ ካሴቱ መበላሸቱ አይደለም። በአገራችን የምንጠቀምበት ፓል የተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በሴኮንድ 25 ፍሬም ይቀዳል ይባላል፤ እውነቱ ግን ካሜራው በሴኮንድ 50 ጊዜ ያያል። በእያንዳንዱ ጊዜ የሚወስደው ግማሹን መስመር ብቻ ነው፤ አንዴ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ ይወርዳል፣ ከሃምሳኛ ሴኮንድ በኋላ ደግሞ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ እያለ። እያንዳንዱ ግማሽ ፊልድ ይባላል፤ 288 መስመር አለው። ሁለቱ ፊልዶች ተሰካክተው 576 መስመር ያለው አንድ ፍሬም ይሆናሉ። እንግዲህ በአንዱ ፍሬም ውስጥ ያሉት ሁለት የተለያዩ ቅጽበቶች ናቸው። በመካከላቸው ባለው ሃምሳኛ ሴኮንድ ምሰሶ የትም አይሄድም፤ የጎጃም ትከሻ ግን ብዙ ርቀት ይሄዳል።

ዘዴው በ1930ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ለቱቦ ቴሌቪዥን የተፈለሰፈ ነው። ምስሉን በሙሉ በሴኮንድ 50 ጊዜ መላክ የአየር ሞገዱ አይችልም ነበር፣ 25 ጊዜ ብቻ ከተላከ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ይርገበገባል፤ ስለዚህ ግማሽ ግማሹን በየተራ ላኩት። ቱቦው የተቀበለውን በዚያው ቅደም ተከተል ስለሚስል ዓይን ስንጥቁን አያይም። የዛሬው ስልክና ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ግን ሙሉ ፍሬም በአንድ ጊዜ ነው የሚያሳየው። ስንጥቁ የወጣው በዚህ ነው።

አሁን ወደማይታረመው ስሕተት ልምጣ። እኔም ሠርቼዋለሁና በዝርዝር እናገረዋለሁ።

በ2009 ዓ.ም. አንዲት እናት ከብቸና የልጃቸውን የሠርግ ካሴት አመጡልኝ። በዚያ ቀን ባለቤታቸው ከሙሽሪት ፊት እስክስታ ወርደዋል፤ ሰውየው ካረፉ በኋላ ሲንቀሳቀሱ የሚታዩበት ሌላ ምስል በቤቱ አልነበረም። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር አስገባሁ። 720 በ576 የሆነው ምስል ለአዲሱ ቴሌቪዥናቸው ትንሽ መሰለኝና መጠኑን ወደ 720 መስመር አሳድጌ ቀየርኩት። ዲኢንተርሌስ አላደረግኩም። በሱቄ አሮጌ ስክሪን ላይ ስንጥቁ ጎልቶ አልታየኝም። ቦታ ለመቆጠብም ዋናውን ፋይል አጠፋሁ፣ ካሴቱንም መለስኩ። በክረምቱ ጣሪያው አፍስሶ ካሴቶቹ ያሉበትን ሳጥን አረጠበው። እናትየዋ በመስከረም ፍላሹን ይዘው ተመለሱ።

«ልጄ፣ የባለቤቴ ትከሻ ላይ ያለው ምንድን ነው? ሚዶ የመሰለ።»

«እማማ፣ አስተካክለዋለሁ» አልኳቸው። አልቻልኩም። ያልቻልኩበትን ምክንያት ማወቅ ለማንኛውም የዚህ ሥራ ሰው ግዴታ ነው። 576 መስመር ወደ 720 ሲያድግ አራት መስመር አምስት ይሆናል። ኮምፒውተሩ አምስቱን መስመሮች የሚሠራው ጎረቤቶቹን አራት መስመሮች እያደባለቀ ነው። ከዚያ በኋላ «ይህ መስመር የመጀመሪያው ቅጽበት ነው፣ ያኛው የሁለተኛው» ብሎ መለየት አይቻልም፤ ብዙው መስመር የሁለቱም ቅልቅል ሆኗል። ጤፍና ገብስ በእህልነቱ ቢደባለቅ በወንፊት ይለያል፣ ከተፈጨ በኋላ ግን አይለይም። ዲኢንተርሌስ የሚያደርገው ፕሮግራም ወንፊት ነው፤ የሚሠራው መስመሮቹ ሳይፈጩ ሲያገኛቸው ብቻ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ዲኢንተርሌስ፣ ቀጥሎ ጠርዝ መቁረጥ፣ ቀጥሎ መጠን መለወጥ፣ ቀለም ማስተካከልና ጽሑፍ መጨመር በመጨረሻ። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ። ጠርዝ መቁረጥም ራሱ ወጥመድ አለው፤ በኢንተርሌስ ምስል ላይ ከላይ አንድ ወይም ሦስት መስመር ብትቆርጡ ጎዶሎ ቁጥርና ተጋማሽ ቁጥር ያላቸው መስመሮች ቦታ ይለዋወጣሉ። መቁረጥ ግድ ከሆነ በሁለት የሚካፈል ቁጥር ቁረጡ።

ሁለተኛው ቁም ነገር የፊልድ ቅደም ተከተል ነው። በማኅሌት ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ቆመው ዜማውን ይቀባበላሉ፤ ማን እንደሚጀምር የታወቀ ነው። ሁለተኛው ወገን ቀድሞ ቢያነሳው ቃሉ ሁሉ ባለበት ትርጉሙ ይጠፋል። ፊልዶችም እንዲሁ ናቸው። አንዳንዱ ቅጂ የላይኛው ፊልድ ይቀድማል፣ አንዳንዱ የታችኛው። ዲቪ ሁልጊዜ የታችኛው ፊልድ ቀዳሚ ነው። 1080 መስመር ያላቸው ኤችዲቪና ኤቪሲኤችዲ (የኤምቲኤስ ፋይሉ ማለት ነው) የላይኛው ነው። ዲቪዲ ግን እንደሠራው ሰው ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ የላይኛው ነው፣ ከዲቪ በቀጥታ የተሠራ ከሆነ የታችኛው ሊሆን ይችላል። ሚዲያኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ይነግራችኋል፤ የተጻፈውና እውነቱ ግን ሁልጊዜ አይገጥሙም፤ በተለይ ፋይሉ በሌላ ሰው እጅ አልፎ ከመጣ።

ዓይናችሁን ዳኛ አድርጉት። አንድ ጊዜ የእንጅባራን ፈረሰኞች የጥር 23 በዓል ከአንድ ወጣት ፋይል ቀይሬ ነበር። ስቀይረው ፈረሶቹ የሚንቀጠቀጡ መሰለኝ፣ የካሜራው መናወጥ ነው ብዬ ላልፈው ነበር። ፍሬም በፍሬም ስሄድ የአንዱ ፈረስ ፊተኛ እግር ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ ተመለሰ፣ ሦስት እርምጃ ወደፊት ዘለለ፣ እንደገና ተመለሰ። ይህ የተገለበጠ ቅደም ተከተል የማይሳሳት ምልክቱ ነው። የላይኛውን ወደ ታችኛው ስቀይረው እግሩ አንዴም ሳይመለስ ሄደ። ስለዚህ ሙሉውን ከመቀየራችሁ በፊት ፈጣን እንቅስቃሴ ካለበት 20 ሴኮንድ ቆርጣችሁ ቀይሩና እንደዚህ ፈትሹት።

ሦስተኛው ጉዳይ ላይ ከብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። እነሱ ዲኢንተርሌስ ሲያደርጉ ውጤቱን በሴኮንድ 25 ፍሬም ያወጣሉ። ስንጥቁ ይጠፋል፣ ፋይሉ ይቀላል፣ ደንበኛው ይወስዳል። ነገር ግን ካሜራው ካየው 50 ቅጽበት ግማሹ ተጣለ። ለንግግርና ለስብከት ይህ ብዙም አይጎዳም። ለእስክስታ ግን ይጎዳል፤ ትከሻው በሁለት ምት መካከል የሚያልፍበት መንገድ ጠፍቶ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ የሚዘል ይመስላል። አረጋውያን በ25 የወጣውን አይተው «እንዲያው ፊልም መሰለ» ይላሉ፤ በ50 የወጣውን ሲያዩ ግን ዝም ብለው ወደ ስክሪኑ ይጠጋሉ። እኔ ከካሴት የመጣ ጭፈራ ሁሉ በ50 ነው የማወጣው። ሌላም ጥቅም አለው። በ25 የጊዜ መስመር ላይ አስቀምጣችሁ ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንሱት፣ በካሜራው የታየው እያንዳንዱ ቅጽበት በየተራ ይወጣል፤ ምንም የተፈጠረ ፍሬም የሌለበት እውነተኛ ዝግታ ነው።

አሠራሩን ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ላሳያችሁ፤ ነፃ ነው፣ በአሮጌ ኮምፒውተርም ይሠራል። ፋይሉን አስገቡና «ፊልተርስ» ወደሚለው ገጽ ሂዱ። «ኢንተርሌስ ዲቴክሽን» የሚለውን አጥፉ። ይህ መፈተሻ የተሰነጠቀ የመሰለውን ፍሬም ብቻ እየመረጠ እንዲነካ ያደርጋል፤ ንጹሕና ኢንተርሌስ ለተደባለቀበት ፋይል ይጠቅማል፣ ከካሴት ለመጣ ግን ትንንሹን ስንጥቅ እያሳለፈ ምስሉ ወጥ እንዳይሆን ያደርጋል። «ዲኢንተርሌስ» ከሚለው «ቢደብሊውዲፍ» የሚባለውን ምረጡ፤ ከሌለ «ያዲፍ»። ሁለቱም ያለፈውንና የሚመጣውን ፊልድ እያዩ የጎደለውን መስመር ይሞላሉ፤ ቢደብሊውዲፍ ግን የዘንበል መስመሮችን፣ ለምሳሌ የድንኳን ገመድንና የመቋሚያ ዘንግን፣ በተሻለ ያለዝባል። ከጎኑ ባለው ምርጫ «ቦብ» የሚለውን ውሰዱ፤ ከእያንዳንዱ ፊልድ አንድ ሙሉ ፍሬም ያወጣል ማለት ነው። ከዚያ ወደ «ቪዲዮ» ገጽ ሄዳችሁ የፍሬም ቁጥሩን በእጃችሁ 50 አድርጉት፣ «ኮንስታንት» የሚለውንም ምረጡ። 25 ላይ ከተተወ በቦብ ያገኛችሁትን ግማሽ መልሶ ይጥለዋል፤ ብዙ ሰው «ቦብ አድርጌም ለውጥ አላየሁም» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ጥራቱን በኤች 264 (የቪዲዮ መጭመቂያው ዓይነት) ከ16 እስከ 18 አድርጉት። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል።

መጠኑ ላይ ትንሽ ልቆይ። የዲቪ ነጥቦች ጎናቸው እኩል አይደለም፤ 720 በ576 የሆነውን እንዳለ ካወጣችሁት ሙሽራው በአንዳንድ ማጫወቻ ላይ ቀጥኖ ይታያል። በግራና በቀኝ ስምንት ስምንት ነጥብ ቁረጡ፤ ብዙውን ጊዜ እዚያ ያለው ጥቁር ጠርዝ ነው። የቀረው 704 በ576፣ የነጥቦቹ ቅርጽ ሲታሰብ፣ በትክክል አራት በሦስት ነው። «አናሞርፊክ» የሚለውን አጥፉና «አሎው አፕስኬሊንግ» የሚለውን ከፍታችሁ 1440 በ1080 ጻፉ። ሃንድብሬክ መጀመሪያ ዲኢንተርሌስ አድርጎ ከዚያ ነው መጠን የሚለውጠው፤ ስለዚህ የብቸናዋ እናት ላይ የደረሰው እዚህ አይደርስም። ማሳደጉ የሌለ ዝርዝር አይፈጥርም። የማሳድገው ለዩቲዩብ ስል ነው፤ ዩቲዩብ 50 ፍሬም የሚያሳየው ከ720 መስመር ጀምሮ ላለው ብቻ ነው፣ ከዚያ በታች ያለውን ወደ 25 ያወርደዋል። አራት በሦስቱን ወደ ሙሉ ስክሪን አትለጥጡት፤ እናቶች ሁሉ ሰፍተው ይወጣሉ።

ወደ ኤዲቲንግ የሚሄድ ሥራ ሲሆን፣ አስቀድሜ ሻተር ኢንኮደር በተባለው ፕሮግራም በ50 ፍሬም ወደ ፕሮሬስ (ለኤዲቲንግ የሚመች የቪዲዮ ዓይነት) እቀይረዋለሁ። ከዚያ የኤዲቲንግ ፕሮግራሞቹ ፕሪሚየርም ሆነ ዳቪንቺ ኢንተርሌስ የሚባል ነገር ሳያዩ ይሠራሉ። ዳቪንቺ ላይ ፋይሎቹን ከማስገባታችሁ በፊት የጊዜ መስመሩን ፍሬም 50 አድርጉት፤ ከገቡ በኋላ አይለወጥም። የግድ ጥሬውን ማስገባት ካለባችሁ፣ በፕሪሚየር ፋይሉ ላይ ቀኙን ተጭናችሁ «ሞዲፋይ» ከዚያ «ኢንተርፕሪት ፉቴጅ» ውስጥ የፊልዱን ቅደም ተከተል በትክክል ንገሩት። በዳቪንቺ ደግሞ «ክሊፕ አትሪቢዩትስ» ውስጥ ነው። ስታወጡ «ፕሮግሬሲቭ» (በፊልድ ያልተከፈለ ሙሉ ፍሬም) መሆኑን እዩ።

ዲኢንተርሌስ የማይደረግበትም ጊዜ አለ። አንዳንድ ካሜራ ሙሉውን ፍሬም በአንድ ቅጽበት ወስዶ ኢንተርሌስ ተብሎ በተጻፈ ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሚዲያኢንፎ ኢንተርሌስ ይላችኋል፣ ቪኤልሲ ላይ ዲኢንተርሌሱን አጥፍታችሁ ስታቆሙት ግን የሚዘል ሰው እንኳ አይሰነጠቅም። እንዲህ ያለውን አትንኩት፤ ብትነኩት በከንቱ ዝርዝር ታጣላችሁ። በሱቄ የደረሱት ከስልክ የተቀዱ ምስሎችም ይህ ችግር የለባቸውም። ገጠር ያለ ዘመድ አሮጌ የቱቦ ቴሌቪዥንና የዲቪዲ ማጫወቻ ብቻ ካለው ደግሞ እንዳለ በኢንተርሌስ ዲቪዲ ሥሩለት፤ ቱቦው ከማንኛችንም በተሻለ ያሳየዋል።

ስለ አገባቡ ሁለት ነገር። ሚኒ ዲቪን በፋየርዋየር ገመድ አስገቡት፤ ካሴቱ ላይ ያለው እንዳለ ይገለበጣል፣ አንድ ሰዓቱ 13 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። በቢጫው ገመድ ማስገባት ዲጂታሉን አናሎግ አድርጎ መልሶ ዲጂታል ማድረግ ነው። ለቪኤችኤስ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው መንገድ ይህ ነው፤ በዚያ ጊዜ የመቅረጫው መጠን 720 በ576፣ ፍሬሙ 25፣ ዲኢንተርሌሱ የጠፋ መሆኑን ተመልከቱ። 480 መስመር ላይ ተቀምጦ የሚመጣ መቅረጫ ገና ሲገባ መስመሮቹን ይፈጫቸዋል።

መብራትም አለ። ክረምት ላይ ሦስት ሰዓት የፈጀ ሥራ በመጨረሻው ደቂቃ መብራት ጠፍቶ ፋይሉ አልከፈት ብሎኝ ያውቃል። ኤምፒፎር ብዙውን ጊዜ ማውጫውን የሚጽፈው በመጨረሻ ስለሆነ ካልተዘጋ አይከፈትም። ኤምኬቪ ግን እስከ ተጻፈበት ድረስ ይከፈታል። ስለዚህ ወደ ኤምኬቪ ቀይሬ ካለቀ በኋላ ብቻ ሳይነካ ወደ ኤምፒፎር አዛውረዋለሁ፤ ደቂቃ አይፈጅም።

ለደንበኛ ከመስጠቴ በፊት ከሱቁ ግድግዳ ባለው ትልቅ ቴሌቪዥን ሦስት ቦታ አያለሁ፦ እስክስታው፣ ሙሽሮቹ ከመኪና ሲወርዱ፣ ካሜራው ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲዞር። ለቴሌግራም ሲፈልጉት «እንደ ቪዲዮ» ሳይሆን «እንደ ፋይል» እልከዋለሁ፤ አለዚያ ቴሌግራም ራሱ ይጨምቀዋል። ጥሬው ፋይል ቀንና የቤተሰቡ ስም ተጽፎበት በሁለት ሃርድ ዲስክ ይቀመጣል፤ አንዱ በሱቁ፣ አንዱ በቤቴ። ከብቸናዋ እናት ወዲህ የአንድም ሰው ጥሬ ፋይል አጥፍቼ አላውቅም።